ስለ ሙቀት ማያ መነጽር አመራረጥ
በጨለማ ለሚያድን ሰው የሚስማማው ትንሽ መሣሪያ የትኛው ነው?

የሰው ዐይን ለቀን የተሠራ ነው። ፀሓይ ከጠለቀች በኋላ መልክና ቀለም መለየት ይሳነዋል፤ ከዱር አራዊት ብዙዎቹ ግን ከመጠለያቸው ወጥተው የሚሰማሩት በዚያው ሰዓት ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት በዘመናችን ከተሠሩት መሣሪያዎች አንዱ በአንድ ዐይን የሚታይበት፣ በኪስ የሚያዝ ሙቀት ማያ መነጽር ነው። በዚህ ጽሑፍ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራና ገዢው በምን ሚዛን መዝኖ ሊመርጠው እንደሚገባ በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ለምሳሌ የምንወስደው በጀርመን አገር የሚደረገውን የዱር አሳማ ዐደን ነው። በዚያ አገር የዱር አሳማ የበቆሎና የድንች እርሻ ያወድማል፤ እ.ኤ.አ. በ2019–20 የዐደን ዘመን ብቻ ከ800,000 በላይ ተገድሏል። በሴፕቴምበር 2020 ደግሞ የአፍሪካ የአሳማ ወረርሽኝ የሚባለው በሽታ በብራንደንቡርግ ክፍለ አገር በዱር አሳማ ላይ ተገኘ። በሽታው ሰውን አይነካም፤ የቤት አሳማን ግን ይፈጃል። ከዚህም የተነሣ የሌሊቱ ዐደን ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። ነገር ግን የአገሪቱ የዐደን ሕግ በመሠረቱ በሌሊት እንዲገደል የሚፈቅደው የዱር አሳማን እንጂ አጋዘንን አይደለም፤ ግልገሎቿን የምታሳድግ እናትም እንዳትገደል ይከለክላል። እንግዲህ አዳኙ በጨለማ ውስጥ «አንድ ነገር አለ» ማለት አይበቃውም፤ ያ ነገር አሳማ ይሁን አጋዘን፣ ወይም መንገድ የሳተ ሰው ይሁን መለየት አለበት። የተተኮሰ ጥይት አይመለስምና የመሣሪያው ምርጫ ከገንዘብ ጉዳይ የበለጠ ነው።

1ኛ፤ የመሣሪያው አሠራር

ዊልያም ሄርሸል የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሓይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ በየቀለሙ የሙቀት መለኪያ ሲያስቀምጥ፣ ከቀዩ ቀለም ውጭ ምንም በማይታይበት ቦታ ሙቀት መኖሩን አገኘ። ያ የማይታይ ጨረር ዛሬ ኢንፍራሬድ ይባላል። ሙቀት ያለው አካል ሁሉ ይህን ጨረር ይሰጣል፤ የጨረሩም የሞገድ ርዝመት እንደ አካሉ ሙቀት ይለያያል። ከቪን ሕግ እንደምንረዳው 2,898ን በአካሉ ሙቀት (በኬልቪን) ብናካፍል ጨረሩ የሚያይልበትን የሞገድ ርዝመት በማይክሮሜትር እናገኛለን። የአንድ አውሬ ቆዳ ሙቀት ወደ 300 ኬልቪን ነው ብንል ውጤቱ 9.7 ማይክሮሜትር ያህል ይሆናል። ደግነቱ አየር ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ያለውን ጨረር ብዙ ሳይውጥ ያሳልፈዋል።

ተራ መስተዋት ግን ይህን ጨረር አያሳልፍም። ስለዚህ የመነጽሩ ሌንስ የሚሠራው ከጀርማኒየም ነው፤ ጀርማኒየም ውድና ከባድ ስለ ሆነ የመሣሪያውን ዋጋና ክብደት ከፍ ያደርገዋል። ከሌንሱ በስተኋላ ማይክሮቦሎሜትር የሚባል ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ፒክስል በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነጥቦች የተሞላ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ጨረር ሲያርፍበት ይሞቃል፤ ሲሞቅም የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይለወጣል። ይህ ለውጥ ተለክቶ በትንሽ ስክሪን ላይ ሥዕል ይሆናል። ስለዚህ ሙቀት ማያ መነጽር የከዋክብትን ብርሃን ከሚያጎላው ሌላው የሌሊት መነጽር ይለያል፤ እርሱ ጥቂትም ቢሆን ብርሃን ይሻል፤ ይህኛው ግን በድቅድቅ ጨለማ ይሠራል።

2ኛ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ርቀት

ሻጮች ከሁሉ በፊት የሚያሳዩት «እስከ 1,800 ሜትር ያያል» የሚለውን ዐይነት ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ሐሰት ነው አንልም፤ ነገር ግን ምን ማለት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ጆን ጆንሰን የተባለ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ባቀረበው ጥናት ማየትን በደረጃ ከፈለው። የእርሱ መለኪያ ወደ ፒክስል ሲለወጥ፣ አንድ ነገር መኖሩን ለማወቅ በነገሩ ጠባብ ጐን ላይ 2 ፒክስል፣ የነገሩን ዐይነት ለማወቅ 8 ፒክስል፣ ማንነቱን አጣርቶ ለመለየት 13 ፒክስል ያህል ያስፈልጋል።

አሁን እናስላ። ፒክስሉ 12 ማይክሮሜትር፣ ሌንሱ 25 ሚሊሜትር የሆነ መነጽር ብንወስድ፣ በ100 ሜትር ርቀት አንድ ፒክስል 4.8 ሳንቲሜትር ይሸፍናል። ቁመቱ 75 ሳንቲሜትር የሆነ አሳማ መኖሩ የሚታወቀው እስከ 780 ሜትር ነው፤ የእንስሳው ዐይነት የሚታወቀው እስከ 195 ሜትር፣ ተጣርቶ የሚለየው ግን እስከ 120 ሜትር ብቻ ነው። ያው መነጽር ቁመቱ 1.8 ሜትር በሆነ ነገር ቢለካና «መኖሩ ታወቀ» ቢባል ቁጥሩ 1,875 ሜትር ይደርሳል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ይህኛው ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር እንጨምር። የጆንሰን መለኪያ የሚነግረን የተሳካ ዕድል ግማሽ በግማሽ የሚሆንበትን ርቀት ነው። እንግዲህ በ120 ሜትር ላይ ካሉ ሁለት ተመልካቾች አንዱ ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው። ለተመራማሪ ይህ ደኅና ውጤት ነው፤ ጠመንጃ ለያዘ ሰው ግን አይደለም። ስለዚህ ገዢው በስሌት ካገኘው የመለያ ርቀት ላይ ብዙ ቀንሶ መነሣት ይገባዋል።

3ኛ፤ ሌንስና ስፋት

ሌንሱ ሲረዝም መነጽሩ ርቆ ይለያል፤ ነገር ግን የሚያሳየው ሜዳ ይጠባል፤ ክብደቱም ይጨምራል። ሰሌዳው 384 በ288፣ ፒክስሉ 12 ማይክሮሜትር በሆነ መነጽር፣ የ19 ሚሊሜትር ሌንስ በ100 ሜትር ርቀት 24 ሜትር ስፋት ያሳያል፤ አሳማውን የሚለየው ግን እስከ 91 ሜትር ነው። የ25 ሚሊሜትሩ ስፋት 18 ሜትር ሲሆን መለያው 120 ሜትር ነው። የ35 ሚሊሜትሩ ስፋት 13 ሜትር ብቻ ሲሆን መለያው 168 ሜትር ይደርሳል።

ብዙ ሰዎች 640 በ512 የሆነ ሰሌዳ ሁልጊዜ ርቆ የሚያይ ይመስላቸዋል። የፒክስሉ መጠንና ሌንሱ ካልተለወጠ ግን ርቀቱ ያው ነው፤ የሚጨምረው ስፋቱ ነው። በ25 ሚሊሜትር ሌንስ 18 ሜትር የነበረው ወደ 31 ሜትር ያድጋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። በቁልፍ የሚደረገው ማጉላት ደግሞ ያለውን ፒክስል ያተልቃል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም።

4ኛ፤ ሌሎች መመዘኛዎች

የመጀመሪያው ስሜታዊነቱ ነው። መሣሪያው ሊለየው የሚችለው ትንሹ የሙቀት ልዩነት በሚሊኬልቪን ይጻፋል፤ 25 ሚሊኬልቪን ማለት የአንድ ዲግሪ አርባኛ ክፍል ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል። በጠራ ሌሊት ልዩነቱ ብዙ አይታወቅም፤ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ግን ሣሩም ዛፉም አፈሩም ወደ አንድ ሙቀት ስለሚቀርቡ ጥሩው ከመጥፎው የሚለየው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው በሴኮንድ የሚያሳየው የሥዕል ብዛት ነው። አንድ አሳማ በሴኮንድ 10 ሜትር ቢሮጥ፣ በሴኮንድ 9 ሥዕል በሚያሳይ መነጽር ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው 1.1 ሜትር ይዘላል፤ 50 ሥዕል በሚያሳየው ግን 20 ሳንቲሜትር ብቻ ይራመዳል።

ሦስተኛው የባትሪው ነገር ነው። ብርድ የባትሪን ኀይል ስለሚቀንስ፣ በሜዳ ላይ ሊለወጥ የሚችል ባትሪ ያለው ይመረጣል። አራተኛው የስክሪኑ ብርሃን ነው። ጨለማ የለመደ ዐይን በደማቅ ስክሪን ከተመታ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ብርሃኑ እጅግ ዝቅ ሊል የሚችል መሆኑን በመደብሩ ውስጥ ሳይሆን በጨለማ ቦታ መሞከር ይገባል።

5ኛ፤ መሣሪያው የማይችለው

ይህ መነጽር በግድግዳና በቁጥቋጦ ውስጥ አሻግሮ አያይም፤ በመኪና መስተዋት ውስጥም አያይም። ጉም ሲወፍር ጨረሩ በውሃ ነጠብጣብ ይዋጣል። ቀን በፀሓይ የሞቀ ድንጋይ ማታ ላይ እንደ አውሬ ሊያበራ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ረዥም ሣር ሙቀትን ይጋርዳል። አንዲት አሳማ ጀርባዋ ብቻ ከሣሩ በላይ ሲታይ ብቻዋን ያለች ትመስላለች፤ ግልገሎቿ ግን በእግሯ ሥር ተሸፍነው ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያድን ምንም ዐይነት ፒክስል የለም፤ የሚያድነው ሣሩ አጭር እስኪሆንበት ቦታ ድረስ መጠበቅ ነው።

6ኛ፤ ማጠቃለያ

እንግዲህ ገዢው መጀመሪያ ራሱን የሚጠይቀው «ስንት ሜትር ያያል?» ብሎ ሳይሆን «የማድንበት ቦታ ስንት ሜትር ነው?» ብሎ ነው። በጫካ ውስጥ በእግር ለሚሄድ ሰው የ19 ሚሊሜትር ሌንስ ይበቃዋል፤ ቀላልም ሰፊም ነው። በእርሻ ዳር ከማማ ላይ ተቀምጦ ለሚጠብቅ የ25 ሚሊሜትሩ፣ በገላጣ ሜዳ ለሚያድን የ35 ሚሊሜትሩ ይስማማል። ከዚያ በኋላ 12 ማይክሮሜትር ፒክስል፣ 25 ሚሊኬልቪን ወይም ከዚያ ያነሰ ስሜታዊነት፣ በሴኮንድ 50 ሥዕል መኖሩን ይመርምር። ገንዘብ ከተረፈው ለ640ው ሰሌዳ ያውለው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ትልቁን ቁጥር አይቶ የቸኰለ ገዢ ኋላ በሜዳ ላይ ይጸጸታል። መነጽሩ የሚያሳየው ሙቀት መኖሩን ነው፤ ያ ሙቀት የማን እንደ ሆነ የሚወስነው ተመልካቹ ነው። መለየት ባልቻለ ጊዜ ጠመንጃውን ሳያነሣ ወደ ቤቱ የሚመለስ አዳኝ መሣሪያውን በሚገባ ተጠቅሞበታል እንላለን።