የበለዘ ጥርስ፦ ከላይ የተለጠፈና አብሮ የበቀለ ቀለም

የጥርስ መበለዝ መነሻው በአብዛኛው ሁለት ነው፦ ከላይ የሚለጠፍ ቀለምና ከጥርሱ ጋር አብሮ የሚበቅል ቀለም። የፊተኛው ይታጠባል፤ የኋለኛው አይታጠብም።

አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች በምታገኘው ውኃ ውስጥ አብሮ የሚበቅለውን ቀለም የሚያመጣው ፍሎራይድ አነስተኛ ነው። ስለዚህ በእንጦጦ ግርጌ፣ ቁስቋም ያደገ ሰው ጥርሱ ቢበልዝ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ቡና፣ ሻይ፣ ጫትና ትምባሆ ናቸው። የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ቀለሙን ሳይደነድን ያነሳዋል። እንደ ድንጋይ ከደነደነ በኋላ ግን መፋቂያም ብሩሽም አይበግረውም፤ ሐኪም ዘንድ ጥርስ ማሳጠብ ያስፈልጋል።

ከስምጥ ሸለቆ ለመጣ ሰው ጥያቄው የሚጀምረው በልጅነቱ ከጠጣው የጉድጓድ ውኃ ነው። የሸለቆው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በከርሰ ምድር ውኃ ላይ ፍሎራይድ ያበዛል፤ ውኃው ካልሲየም ሲያንሰው ደግሞ ፍሎራይዱ ሳይዘቅጥ ሟሙቶ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ ብሎ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በአንዳንድ የሸለቆው ጉድጓዶች ከ10 ሚሊግራም በላይ ይገኛል። የአብዛኞቹ ቋሚ ጥርሶች ጠንካራ ሽፋን (ኢናሜል) ተሠርቶ የሚያልቀው እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ነጭ ጠቃጠቆ ያለበት፣ ሲብስም ቡናማና የሚሸረፍ ሆኖ ይበቅላል። ካደገ በኋላ ወደ ሸለቆው የሄደ ሰው በዚህ ምክንያት ጥርሱ አይበልዝም፤ አጥንቱ ግን ሊጎዳ ይችላል። በሸለቆው ባለው የወንጂ ስኳር ልማት ውኃውን ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አከርካሪን የሚያደርቀው የአጥንት ፍሎሮሲስ ታይቶባቸዋል።

ፍሎራይድ ጥርስን እንደሚያበልዝ የታወቀው ከረጅም ፍለጋ በኋላ ነው። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ፍሬደሪክ ማኬይ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ቡናማ ጥርስ የበዛበትን ምክንያት መፈለግ የጀመረው በ1901 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ጥፋተኛው ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው በ1931 ነው።

ውኃ ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውኃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ክምችቱን ይጨምረዋል። በስምጥ ሸለቆ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ የሚጨመርበት የህንዱ የናልጎንዳ ዘዴና የከብት አጥንት ከሰል ማጣሪያ ተሞክረዋል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ነገር ግን ኬሚካሉም ከሰሉም በየጊዜው ካልተተካ ማጣሪያው ከንቱ ይሆናል። ዘላቂው መንገድ ፍሎራይድ ካነሰበት ምንጭ ውኃ በቧንቧ መሳብ ነው።

ከፍሎራይድ ሌላ፣ በልጅነት የተወሰደ ቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክም ጥርስን ግራጫ ወይም ቡናማ ያደርጋል። የተመታ ጥርስ ነርቩ ሲሞት ይጠቁራል፤ ከዕድሜ ጋር ደግሞ ኢናሜሉ እየሳሳ ከሥሩ ያለው ቢጫ ክፍል ይታያል።

ሕክምናው መነሻውን ተከትሎ ይሄዳል። የተለጠፈው ይታጠባል። ቀላል የፍሎራይድ ቀለም ኢናሜሉን በስሱ በመፋቅ ወይም በፐርኦክሳይድ በማንጻት ይቀንሳል፤ በማንጻቱ መጀመሪያ ላይ ነጩ ጠቃጠቆ ጎልቶ ሊታይ ይችላል። የከፋው በጥርስ መሙያ ወይም በስስ ሽፋን ይሸፈናል፤ የተሸራረፈው ሙሉ ክዳን ይደረግለታል። ነርቩ የሞተ ጥርስ ሥሩ ታክሞ ከውስጥ ይነጻል። ድድ መነቀስ ጥርስን ነጭ አስመስሎ ያሳያል እንጂ ቀለሙን አይለውጥም። በሎሚና በከሰል መፈተግ ኢናሜሉን በልቶ ቢጫውን ያወጣዋል።