አሎን ታቦር፦ የታቤላው ዛፍ

በእስራኤል ከአፉላ ከተማ ወደ ታቦር ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የኢንዱስትሪ ቀጠና «አሎን ታቦር» ይባላል። የኤሌክትሪክ ማመንጫውም በዚሁ ስም ይጠራል። በቀጠናው ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ የተኑቫ ወተት ማቀነባበሪያ ነው። ጠዋት ለሥራ የሚገባው ሁሉ ታቤላውን ያነበዋል፤ አሎን ግን ዛፍ ነው፣ የታቦር ኦክ።

ከሰሃራ በስተ ደቡብ ኦክ በተፈጥሮው አይበቅልም፤ ስለዚህ አገራችን ኢትዮጵያ ዛፉን አታውቀውም። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ግን መላ አላጡም። በዕብራይስጡ «ኤሎኔ ማምሬ» የተባለውን የአብርሃም መቀመጫ የመምሬ አድባር ዛፍ ብለውታል። ቃሉ በትክክል ገጥሟል ባይ ነኝ፤ እዚህም የዓረብ ገበሬዎች በሼኾች መቃብር አጠገብ የቆመ ኦክ መቁረጥ ይፈሩ ነበር። ከተረፉት ትልልቅ ዛፎች ብዙዎቹን ያቆያቸው ይኸው ፍርሃት ነው።

የእኛን ሰው ግራ የሚያጋባው የቅጠሉ ነገር ነው። በቋራና በመተማ ቆላ የእጣን ዛፍ ቅጠሉን የሚያራግፈው በበጋ፣ ውሃ ሲጠፋ ነው። የታቦር ኦክ ግን ዝናብ እየዘነበ በክረምት ይራቆታል፤ የሚያራግፈው ብርድ እንጂ ጥማት አይደለም። በየካቲትና በመጋቢት ያቆጠቁጥና ደረቁን በጋ ለምልሞ ያልፋል፤ ሥሩ በዓለት ስንጥቅ ገብቶ እርጥበት ይፈልጋል። ዕድገቱ ዘገምተኛ ነው፤ ዕድሜው ግን በመቶ ዓመታት ይቆጠራል።

ፍሬው ለመብሰል ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ይቀረዋል። የሚቀመጥበት ቆብ ጠምዛዛ ቅርፊት ያለበት ሲኒ ይመስላል፤ ቆዳ የሚያለፋው ታኒን ስለሚበዛበት ቆዳ ፋቂዎች ይፈልጉት ነበር። እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ለእርሻ ዕቃ፣ ለእጀታና ለከሰል ውሏል። በክፉ ቀን ሰው የፍሬውን ምሬት እያስለቀቀ በልቶታል።

ዛፉን ክፉኛ የጎዳው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። የድንጋይ ከሰል ሲያጥር የኦቶማን ጦር ለባቡር ማገዶ ደኑን ጨፈጨፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1905 ከሐይፋ በአፉላ በኩል የተዘረጋው ሐዲድም የዚያው የባቡር መረብ ክፍል ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጡት የደን ሕግ ዛፉን ጥበቃ ውስጥ አስገባው፤ ዛሬም ያለ ፈቃድ አይቆረጥም።

ዛፉን ማየት ለሚፈልግ በታቦር አጠገብ ያለው የቤት ኬሼት ደን ቅርብ ነው። በመኸር ከመንገድ ዳር የወደቀ ፍሬ ካገኙም ቶሎ ይትከሉት፤ ከደረቀ አይበቅልም።