ሱዶ፦ ለአንድ ጉዳይ የሚሰጥ ውክልና

ገለምሶ ውስጥ በሊኑክስ የሚሠራ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላብ አለ እንበል። ፈተና ሊታተም ሲል ፕሪንተሩ ቆመ። መላው የኅትመት አገልግሎቱን አጥፍቶ ማስነሳት ነው። ሊኑክስ ግን ይህን የሚፈቅደው ‹ሩት› ለሚባለው የበላይ ተጠቃሚ ሲሆን፣ የሩት ፓስወርድ ያለው ጭሮ ባለው ባለሙያ እጅ ነው። ባለሙያው ፓስወርዱን በስልክ ቢናገር የዛሬው ችግር ይፈታል። ከነገ ጀምሮ ግን አጠገብ ሆኖ የሰማ ሁሉ የሰው ፋይል መክፈት፣ ማሽኑንም እንዳለ መደምሰስ ይችላል። መዝገቡም ‹ሩት› ከማለት በቀር ማን እንደነካው አይናገርም።

ሱዶ ለዚህ ዓይነቱ ጣጣ የተበጀ ፕሮግራም ነው። ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በኒውዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ቡፋሎ የሊኑክስ አርአያ ለሆነው ዩኒክስ ጻፉት። አሠራሩ እንደ ውክልና ነው፤ ጠቅላላም ልዩም አለው። ‹ሱዶየርስ› በተባለው ፋይል ውስጥ ማን፣ በየትኛው ማሽን፣ በማን ስም፣ የትኛውን ትእዛዝ እንደሚፈጽም በአንድ መስመር ይጻፋል። የገለምሶው መምህር የሚያስገባው የራሱን ፓስወርድ ነው፤ የፈጸመው ትእዛዝም በስሙ ይመዘገባል። ስሙ የሌለበት ሰው ቢሞክር ይከለከላል። በቆዩት ቅጂዎች ‹ድርጊቱ ሪፖርት ይደረጋል› የሚል ማስፈራሪያም ነበረ፤ ሪፖርቱ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ማንም ወደማይከፍተው የመልእክት ሳጥን ቢሆንም።

ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ሲጫን የመጀመሪያው ተጠቃሚ የ‹ሱዶ› ቡድን አባል ይሆናል፤ ይህ ጠቅላላ ውክልና ነው። በሌላው የሊኑክስ ዓይነት በፌዶራ የቡድኑ ስም ‹ዊል› ነው። ብዙ አስተዳዳሪ ሌላ ሰው እንዲያግዘው ሲፈልግ እዚሁ ቡድን ውስጥ ይከተዋል። ስንፍና ነው፤ ለፕሪንተር አንድ መስመር ይበቃ ነበር።

አንዱ መስመር ግን ማስተዋል ይሻል። አንድ ፋይል እንዲያስተካክል ብለው ‹ቪም› የተባለውን የጽሑፍ ማረሚያ በሩት ስም ከፈቀዱለት፣ ተጠቃሚው ከቪም ውስጥ ሆኖ የትእዛዝ መስኮት ይከፍትና ሩት ሆኖ ይቀመጣል። ‹ሌስ› የተባለው የፋይል ማንበቢያም ያው ነው። ለፋይል እርማት ‹ሱዶኤዲት› ይሻላል፤ ተጠቃሚው የሚያርመው ቅጂውን በራሱ ሥልጣን ሲሆን ሱዶ መልሶ በቦታው ይተካዋል። የሚፈቀደው ስክሪፕት ከሆነ ደግሞ ተጠቃሚው ሊለውጠው የማይችል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የፈለገውን ጽፎበት በሩት ስም ያስኬደዋል። ሱዶየርስን ራሱን በ‹ቪሱዶ› ብቻ ይክፈቱት፤ ከማስቀመጡ በፊት አጻጻፉን ይመረምራል። ኡቡንቱ ላይ የሩት መግቢያ ከመነሻው ዝግ ስለሆነ፣ አንድ ስሕተት አስተዳዳሪውን ራሱን ደጅ ሊያስቀር ይችላል።

ፕሮግራሙም እንከን አያጣውም። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ኳሊስ የተባለው ኩባንያ ከ2011 ጀምሮ የተደበቀ ቀዳዳ ይፋ አደረገ፤ በፋይሉ ስሙ የሌለ ተራ ተጠቃሚ እንኳ ሩት መሆን ይችል ነበር። ኢንተርኔቱ ቢንቀራፈፍም፣ ከዚያ ወዲህ ያልታደሰ ማሽን ያለው ላብ ሌላውን ሁሉ ትቶ በቅድሚያ የታደሰውን የሱዶ ፓኬጅ ያውርድ።