ጭነት መኪና ቤት ሲሆን

በአሜሪካ አሠራር መካከለኛ የሚባለው የጭነት መኪና ከነጭነቱ የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት ከ14,001 እስከ 26,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ6,350 እስከ 11,790 ኪሎ ገደማ የሆነው ነው። እስከዚህ ክብደት ድረስ ያለ የንግድ መንጃ ፈቃድ ስለሚነዳ፣ ካምፐር፣ ማለትም መኖሪያ የሚሆን መኪና፣ በገዛ እጃቸው ለመሥራት የሚነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ክልል አይወጡም። በአውሮፓ ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ ሲ1 የሚባለው መንጃ ፈቃድ 7,500 ኪሎ ላይ ይቆማል። ለሥራው ከሚመቹት አንዱ አይሱዙ ኤን ፒ አር ነው። በአሜሪካ ኤች ዲ ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት 14,500 ፓውንድ፣ ወይም 6,577 ኪሎ ተፈቅዶለታል። የዚሁ ቤተሰብ መኪኖች በኢትዮጵያ አውራ ጎዳናዎች ላይ በደንብ ከሚታወቁት መካከል ናቸው፤ በየከተማው መካኒክ ማግኘት መቻሉም ለረጅም መንገደኛ ትልቅ ነገር ነው።

ያገለገለ መኪና ሲገዛ የኪሎሜትር ቆጣሪው ብቻውን ብዙ አይናገርም። በከተማ ውስጥ ዕቃ ሲያድል የኖረ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ለረጅም ሰዓት ቆሞ ስለሚውል፣ ሞተሩ የሠራበት ሰዓትም መነበብ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የወጡ የናፍጣ ሞተሮች በብዛት የጥላሸት ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው የሚጸዳው ጥላሸቱ በከፍተኛ ሙቀት ሲቃጠል ስለሆነ፣ አጭር አጭር ጉዞ ይደፍነዋል። ከዚህም ሌላ እንዲህ ያለው ሞተር የሰልፈር መጠኑ በሚሊዮን ከ15 እጅ የማይበልጥ ናፍጣ ይፈልጋል። በመተማ ገብቶ በሞያሌ ወጥቶ አፍሪካን ከላይ እስከ ታች ለማቋረጥ ያቀደ ሰው በመንገዱ ሁሉ ይህን ጥራት ስለማያገኝ፣ ማጣሪያ የሌለውን የቆየ ሞተር ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን ሻንሲው ነው። የጭነት መኪና ሻንሲ ሁለት ረጃጅም የብረት ጎኖችና እነሱን የሚያያይዙ አግዳሚዎች ያሉት ሲሆን፣ እንዲጠማዘዝ ታስቦ የተሠራ ነው። አንዱ የፊት ጎማ ጉብታ ላይ ወጥቶ በሰያፍ ያለው የኋላ ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ፣ ሻንሲው ከባሌስትራው ጋር ተጠማዝዞ ጎማዎቹ ሁሉ መሬት እንዲይዙ ይረዳል። ለንግድ የሚሠራው የዕቃ ሳጥን ከላሜራ ተቆርጦ በሪቬት የተያያዘ በመሆኑ አብሮት ይላላል፤ ጥቂት ቢንቋቋም ጭነቱን አይጎዳውም። ለመኖሪያ የሚሠራው ሳጥን ከዚህ የተለየ ነው። ግድግዳው በሁለት ስስ የፋይበርግላስ ገጾች መካከል ጠንካራ ፎም ተጣብቆ የሚሠራ፣ ቀላልና ግትር አካል ነው። ግትሩ በሚጠማዘዘው ላይ በቀጥታ ሲታሰር ከሁለቱ አንዱ ይሸነፋል። መጀመሪያ የማዕዘኑ ማጣበቂያ ይላቀቃል፤ ቀጥሎ በሩ መግጠም እንቢ ይላል፤ ዝናብ ሲመጣ ውኃው ወደ ፎሙ ይገባል። ፎሙን ያራሰ ውኃ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም።

መፍትሔው በሻንሲውና በሳጥኑ መካከል የሚገባ ንዑስ ሻንሲ ነው። ንዑስ ሻንሲው የሚታሰርበት መንገድ በመኪናው የሥራ ቦታ ይወሰናል። በአስፋልትና በደህና ጠጠር መንገድ ለሚሄድ መኪና ከኋላ በኩል አጥብቆ አስሮ ከፊት በኩል በጠመዝማዛ ሞላዎች መያዝ ይበቃል፤ ሻንሲው ሲጠማዘዝ በአንድ ጎን ከንዑስ ሻንሲው ጥቂት ተላቅቆ ተመልሶ ይቀመጣል። ለአስቸጋሪ መንገድ ባለ ሦስት ነጥብ ማሰሪያ አለ፤ ሁለቱ ነጥቦች በጎንና በጎን የሚያዙ ሲሆን ሦስተኛው በመሐል ሆኖ በዘንግ ላይ ይዞራል። ሳጥኑን ከመጠማዘዝ ሙሉ በሙሉ ነፃ ያወጣዋል፤ ነገር ግን ክብደቱን በጥቂት ቦታ ላይ ስለሚያከማች በረጅም ሻንሲ ላይ አደጋ አለው። ባለ አራት ነጥቡ አንዱን ከፊት መሐል፣ አንዱን ከኋላ መሐል፣ ሁለቱን በጎኖቹ ወገብ ላይ አድርጎ ጭነቱን የተሻለ ያከፋፍላል፤ ትክክለኛ ልኬትና ብዙ ሥራ ግን ይጠይቃል። ጀማሪ በሞላው እንዲጀምር ይመከራል።

በዚህ ሥራ ላይ መጣስ የሌለበት ነገር አለ። የሻንሲው ጎን ላይኛውና ታችኛው ከንፈር ከፍተኛውን ውጥረት ስለሚሸከም አይበሳም፤ ቀዳዳ የሚበሳው በቆመው ገጹ ላይ፣ አምራቹ በሚያወጣው የሳጥን ሠሪዎች መመሪያ መሠረት ብቻ ነው። ብየዳም የብረቱን ጥንካሬ ስለሚቀንስ፣ መመሪያው በግልጽ ካልፈቀደ ሻንሲው ላይ አይበየድም። ችኩል ሠራተኛ ለጊዜው የሚያተርፍ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው፤ ስንጥቁ የሚታየው ግን ከብዙ ሺህ ኪሎሜትር በኋላ፣ መኪናው ከጋራዥ ርቆ ሳለ ነው።

ክብደት ሁለተኛው ጉዳይ ነው። መኪናው ባዶውን ሚዛን ላይ ወጥቶ የፊትና የኋላ አክስሉ ለየብቻ መመዘን አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው ዕቃ ሁሉ በመዝገብ ይያዛል። 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሙሉ የበርች ኮምፔርሳቶ ከ30 ኪሎ በላይ ነው፤ አሥር ሲሆን የአራት ሰው ክብደት ያህላል። ዕቃው የሚቀመጥበት ቦታም እንደ ክብደቱ መጠን ወሳኝ ነው። ከኤን ፒ አር ሞዴሎች አንዱ በሁለቱ አክስሎች መካከል 150 ኢንች፣ ማለትም 3.81 ሜትር ርቀት አለው። 300 ሊትር ውኃ የያዘ ታንከር ከኋላ አክስሉ 1 ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ፣ 300 ኪሎው በ4.81 ተባዝቶ ለ3.81 ሲካፈል 379 ኪሎ ገደማ ይመጣል። የኋላው አክስል የሚሸከመው ይህንን ነው፤ ትርፉ 79 ኪሎ ከፊት አክስል ላይ የተነሣ ነው። ፊቱ የቀለለ መኪና በእርጥብ መንገድ ለመሪ አይታዘዝም፤ የፊት ፍሬኑም ያለውን ጉልበት አይሰጥም። ያው ታንከር በሁለቱ አክስሎች እኩሌታ ላይ ቢሆን ለእያንዳንዳቸው 150 ኪሎ ይደርሳቸው ነበር። ስለዚህ ውኃና ባትሪ በአክስሎቹ መካከል፣ በተቻለ መጠንም ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ።

የኤን ፒ አር ሞተር ከጋቢናው ሥር ስላለ ጋቢናው ለጥገና ወደ ፊት ይገለበጣል። ከጋቢናው በላይ የተንጠለጠለ አልጋ የሚመኙ ብዙዎች ይህን የሚያስታውሱት ሳጥኑ ካለቀ በኋላ ነው። ከጋቢና ወደ ሳጥን የሚያሻግር መተላለፊያም ከተፈለገ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍና የሚፈታ መሆን አለበት። የኋላውን ድርብ ጎማ ወደ ነጠላ መለወጥ በአሸዋ ላይ የኋላው ጎማ የፊቱን ዱካ እንዲከተል ያደርጋል፤ በድርቡ መካከል ድንጋይ መሰንቀሩም ይቀራል። አዲሱ ጎማና ቸርኬ ግን የአክስሉን ሙሉ ጭነት ብቻቸውን መሸከም የሚችሉ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት።

በሳጥኑ ውስጥ ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሌሊት በትንፋሻቸው ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ ያወጣሉ፤ ይህ ውኃ በቀዘቀዘ ብረት ላይ ይጤዛል። ግድግዳውን ከውጭ እስከ ውስጥ የሚያልፍ አንድ ቡሎን እንኳ ቅዝቃዜውን ይዞ ስለሚገባ፣ ቁምሳጥን በማጣበቂያ መያዝ ይመረጣል። ጣሪያው ላይ የአየር ማውጫ፣ ዝቅ ብሎም የአየር ማስገቢያ ያስፈልጋል። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ የሲሊንደሩ ሣጥን ከመኖሪያው ታሽጎ ከወለሉ ወደ ውጭ ክፍት ቀዳዳ ይኖረዋል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከአልጋው አጠገብ፣ ከበሩ ሌላም ሰው የሚያሾልክ መስኮት መኖሩ ለድርድር አይቀርብም።

ኤሌክትሪኩ ከሚፈራው ይቀላል። 12.8 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት ያለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ 2.56 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ለፍሪጅ፣ ለመብራትና ለውኃ ፓምፕ ቢያንስ ለአንድ ቀን ይበቃል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ስለሚበላሽ ግን በሳጥኑ ውስጥ፣ ሙቀት ባለበት ይቀመጣል። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ራስ እጅግ መራቅ የለበትም።

ምዝገባው እንደ አገሩ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ካምፐር ለሚባል ተሽከርካሪ መቀመጫና ጠረጴዛ፣ መኝታ፣ ማብሰያና ዕቃ ማስቀመጫ እንዲኖረው፣ እነዚህም በመኖሪያው ክፍል ውስጥ በጽኑ እንዲታሰሩ ያዛል፤ ጠረጴዛው ብቻ ተነቃይ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ መስፈርት አለው። ኢንሹራንስ ሰጪዎችም የሥራውን ፎቶና ደረሰኝ ሊጠይቁ ስለሚችሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሰብሰብ ይጠቅማል።

ሥራው ሲያልቅ መኪናው ውኃና ነዳጁን ሞልቶ፣ ተሳፋሪዎቹን ይዞ እንደገና ሚዛን ላይ ይወጣል። የጎማው ንፋስ መጠን የሚወሰነው በዚህ ጊዜ በተገኘው የአክስል ክብደት ነው። ንዑስ ሻንሲውን የያዙት ቡሎኖች ሁሉ ከዳዷቸው ጋር በአንድ መስመር ቀለም ይቀባሉ። ከመጀመሪያው የጠጠር መንገድ ጉዞ በኋላ መስመሩ የተሰበረበት ቡሎን የላላ ስለሆነ፣ አምራቹ በወሰነው የማጥበቂያ ጉልበት እንደገና ይጠበቃል፤ ቀለሙም ይታደሳል።