ከካሜራው በፊት መዝገቡ

ሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ ባጃጅ፣ ብስክሌትና እግረኛ በአንድ አስፋልት ይጋፋሉ። የፍጥነት ካሜራ ቢተከል ምን ይሠራል? ራዳሩ የሚልከው ሞገድ ከተሽከርካሪው ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ይለወጣል፤ ፍጥነቱ የሚሰላው ከዚያ ነው። ከዚያ ሰሌዳው ፎቶ ይነሳል።

ፍጥነትን መቆጣጠሩ ይጠቅማል፦ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ፍሬን ለመያዝ አንድ ሰከንድ ቢዘገይ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ30 ቢሆን 8 ሜትር።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሰሌዳው ነው። በጭቃ የተሸፈነ ሰሌዳ ያለውን ባጃጅ ካሜራ አይለየውም። ስም ሳይዛወር በውክልና የተሸጠ መኪና ቅጣትም የሚሄደው ለቀድሞው ባለቤት ነው። መጀመሪያ የሰሌዳና የባለቤትነት መዝገቡ ይጥራ።