ሐኪምን በስልክ ማማከር

ከቡልቡላ ተነሥቶ ሐኪም ፍለጋ ወደ ዝዋይ (ባቱ) መሄድ ገንዘብም ጊዜም ይጠይቃል። «ሄሎ ዶክተር» በ8896 ቁጥር ሐኪምን በስልክ የማማከርን ልማድ በአገራችን አስተዋወቀ፤ ኮሮና በ2012 ዓ.ም. ሲገባም ብዙ ሰው ምክርን በስልክ ጠየቀ። ዛሬ፥ ኔትወርክ ከፈቀደ፥ ሐኪሙን በዚያው ቀን በምስል ጭምር ማነጋገር ይቻላል። ለቆዳ ሽፍታና ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ለመጠየቅ ይህ ታላቅ ረድኤት ነው።

ትኵሳት ግን ሌላ ነው። በስምጥ ሸለቆ ወባ አለች፤ እርስዋም ከሌላው ትኵሳት የምትለየው በደም ምርመራ ነው፤ ደምን ደግሞ ስልክ አይመረምርም። ስለዚህ ያተኰሰው ሕፃን ጡት እንቢ ካለ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ፥ እናት ሆይ፥ የስልኩን መልስ አትጠብቂ፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ አድርሺው። ትኵሳቱ የጀመረበትን ሰዓትና የወሰደውን መድኃኒት ስም በወረቀት ጽፈሽ ያዢ።