1 ሺህ 960 ሰዎች ያዋጡበት ድራማ

የበዓሉ ማዕድ ተነሥቶ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የቤተሰቡ ዓይን ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ መዞሩ ከቆዩ ልማዶቻችን አንዱ ነው። ለዕለቱ ተብሎ የተዘጋጀ ድራማ ወይም ጭውውት ያልታየበት በዓል ጨው እንደ ጎደለው ወጥ የሚሆንበት ቤት ጥቂት አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ከልጆቹ አንዷ ከሶፋው ጥግ ኩርምት ብላ በእጅ ስልኳ ሌላ ድራማ ስትከታተል ትታያለች። «ይህ ደግሞ ከየትኛው ጣቢያ ነው?» ተብላ ብትጠየቅ፣ ከጣቢያ የመጣ ሳይሆን ጥቂት ወጣቶች ተሰባስበው ቀርጸው በዩቲዩብ የለቀቁት መሆኑን ትናገራለች። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ብዙ ወላጅ ያውቀዋል። «እኛስ ብንሠራ ምን አለበት?»

«አርፈሽ ትምህርትሽን ተማሪ» ብሎ ነገሩን መዝጋት ቀላል ነው። «በርቺ ልጄ» ብሎ በጭፍን ማበረታታትም እንዲሁ ቀላል ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅና ጓደኛሞች ሲቀያየሙ ግን የመካሩ ሰው ከቦታው አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከሁለቱም ተቆጥቦ፣ ጥያቄውን አንሥታ እስከ ፍጻሜው የተጓዘችውን የአንዲት ወጣት ታሪክ ለአንባብያን ማቅረብን መርጧል። ወጣቷ የሎስ አንጀለስ ተወላጅ ኢሳ ሬይ ናት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢሳ ሬይ በ1985 ዓ.ም. በጥር ወር ተወለደች። አባቷ የሴኔጋል ተወላጅ የሕፃናት ሐኪም፣ እናቷ ደግሞ አሜሪካዊት መምህርት ናቸው። ከልጅነት ዕድሜዋ ጥቂቱን ያሳለፈችው በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስለ አፍሪካና ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የሚሰጠውን ትምህርት ተከታትላ በ2007 ዓ.ም. ተመረቀች። ካሜራን የለመደችው እዚያው በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ነበር። የጥቁር ተማሪዎችን የማደሪያ ኑሮ እውነተኛ ዘጋቢ ፊልም በማስመሰል ጓደኞቿን አሰልፋ ቀረጸች፤ ሥራውም በፌስቡክ አማካይነት ከተማሪ ወደ ተማሪ ተላለፈ። ሊቃውንት የሚያወሱት ዓይነት ፊልም አልነበረም። ነገር ግን ሠሪዋ በገዛ ዓይኗ ያየችው አንድ ነገር ነበር፤ ሰዎች ራሳቸውን የሚያዩበትን ነገር ለማየት ሲጠባበቁ ኖረዋል።

ከምረቃ በኋላ ወደ ኒው ዮርክ አመራች። በዚያም ቤቷ ተሰብሮ የፊልም መሣሪያዎቿ ተዘረፉ። ካሜራ የጠፋበት ፊልም ሠሪ በሬው እንደ ሞተበት ገበሬ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመልሳ ሌላ የቀን ሥራ እየሠራች መጻፏን ቀጠለች።

በየካቲት ወር 2011 ዓ.ም. በዩቲዩብ የለቀቀችው ተከታታይ ድራማ ርዕሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ግራ የገባት ጥቁር ልጅ ገጠመኞች» እንደ ማለት ነው። ግራ መግባት ሲባል ሐሳብ ማጣት አይደለም፤ በሰው ፊት እጅና እግርን የት እንደሚያኖሩት መጨነቅ፣ ሰላምታው ካለቀ በኋላ የሚናገሩትን ማጣት ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጄ ትባላለች። የምትሠራው የመቅጠኛ ክኒን በሚሸጥ ድርጅት የስልክ መልስ መስጫ ክፍል ሲሆን፣ ንዴቷን ሁሉ በምስጢር በምትገጥመው የራፕ ግጥም ትወጣዋለች። ድርሰቱን የጻፈችው ኢሳ ናት፤ ጄን ሆና የተጫወተችውም እርሷው ናት። ንግግሩ አንዳንድ ቦታ ለጨዋ ጆሮ የሚከብድ በመሆኑ ከልጆች ጋር ተቀምጦ የሚታይ እንዳልሆነ መናገር ይገባል።

የመጀመሪያው ክፍል ምን እንደሚመስል ቢታወቅ ያለ ብዙ ገንዘብ ድራማ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። ጄ መኪናዋን እየነዳች፣ ብቻዋን መሆኗን ተማምና ከዘፈን ጋር እየጮኸች ትሄዳለች። የቁም ምልክት ዘንድ ስትደርስ ልታየው የማትፈልገው የሥራ ባልደረባዋ መኪናውን ከጎኗ ያቆማል። ሰላም ይባባላሉ፤ ያልፋሉ። በሚቀጥለው የቁም ምልክት እንደገና ይገናኛሉ። አሁን ምን ይባላል? ሁለት ጊዜ ሰላም ማለት ሞኝነት ነው፤ ዝም ማለትም ነውር ነው። ነገሩ ይኸው ነው። መንገድ ላይ አንድን ሰው ተሰናብቶ ከሃያ እርምጃ በኋላ ከዚያው ሰው ጋር እንደገና ጎን ለጎን መራመድ ያጋጠመው ሁሉ፣ የአዲስ አበባም ሰው ቢሆን፣ ይህን ጭንቅ ያውቀዋል።

እንግዲህ ወጪውን እንመልከት። የተፈለገው መኪና፣ መንገድና መንገዱ ላይ አስቀድሞ ተተክሎ የሚገኝ ምልክት ብቻ ነው። ኪራይ የሚጠይቅ አዳራሽ፣ የሚሠራ መድረክ የለም። ከዚህም በላይ የጄ ሐሳብ አብዛኛው የሚሰማው በልቧ እንደምትናገር ሆኖ ነው። የልብ ንግግር ደግሞ በጎዳና ጫጫታ መካከል አይቀረጽም፤ ከቀረጻው በኋላ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ተነብቦ በምስሉ ላይ ይደረባል። ተመልካች የደበዘዘ ምስልን ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግርን ግን ፈጽሞ አይታገሥም። ጀማሪ ፊልም ሠሪዎች ገንዘባቸውን ሁሉ በካሜራ ላይ አፍስሰው ለማይክሮፎን ሳይተርፋቸው መቅረቱ ብዙ ጊዜ የሚታይ ጉዳት ነው። የልብ ንግግርን የድራማው አጥንት ማድረግ ለገጸ ባሕርይዋ የሚስማማ ብልሃት ከመሆኑም በላይ ከዚህ ጉዳት የሚያድን ነበር።

ጸሐፊም ተዋናይም መሆን ራሱን የቻለ ፈተና አለው። ተዋናይ ራሱን አያይም። አንድን ትዕይንት እየተጫወተ «ይበቃል» ወይም «ይደገም» ብሎ የሚወስን ሰው፣ ወይ ተውኔቱ ወይ ውሳኔው ይጎድልበታል። ስለዚህ ከካሜራው በስተጀርባ ይሉኝታ የማያውቀው ታማኝ ዓይን ያስፈልጋል። ለኢሳ ይህን መሰል አጋር የሆነችው ከስታንፎርድ ጀምሮ የምታውቃት፣ የፊልም ትምህርትም የተማረችው ትሬሲ ኦሊቨር ናት። እርሷም ብትሆን ፕሮዲዩሰርነቱን ከትወናው ጋር ደርባ የጄ ባላንጣ የሆነችውን ኒናን ተጫውታለች። በእንዲህ ያለ ሥራ አንድ ሰው አንድ ሙያ ብቻ ይዞ አይዘልቅም።

ተዋንያኑ የሚሰበሰቡት ከቀን ሥራቸው በሚተርፋቸው ሰዓት ሲሆን ብዙ ነገር ይዘበራረቃል። በአንድ ቦታ የሚሆኑ ትዕይንቶች በታሪኩ ውስጥ ቢራራቁም በአንድ ቀን ተጠራቅመው መቀረጽ አለባቸው፤ የለበሱት ልብስ፣ የጸጉሩ አሠራር ሳይቀር ተመዝግቦ ካልተያዘ በቅንብር ጊዜ ስሕተቱ ይፋ ይወጣል። ደመወዝ የማይከፈለው ሰው ደግሞ ቢያንስ መብላት አለበት። እዚህ ላይ የእናቶች ድርሻ ሳይነገር ማለፉ ተገቢ አይመስለኝም፤ የልጇ ጓደኞች ለቀረጻ ሲመጡ እንጀራና ወጥ የምታቀርብ እናት፣ በስም ዝርዝሩ ላይ ባትጠቀስም፣ ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዷ ናት።

ድራማው ቢወደድም ገንዘቡ እየተመናመነ ሄደ። ወር በገባ ቁጥር ተመልካች አዲስ ክፍል ይጠብቃል፤ ኪስ ግን ባዶ ነው። በዚህ ጊዜ ኢሳና ትሬሲ ኪክስታርተር በተባለው የኢንተርኔት መዋጮ አማካይነት ተመልካቾቻቸውን ገንዘብ ጠየቁ። አሠራሩ ከእኛው መዋጮ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ የተጠየቀው ገንዘብ በተወሰነው ቀን ካልሞላ ከማንም አንድ ሳንቲም አለመወሰዱ ነው። የጠየቁት 30 ሺህ ዶላር ነበር። በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. መዋጮው ሲዘጋ ከ1 ሺህ 960 አዋጪዎች 56 ሺህ 269 ዶላር ተሰብስቦ ተገኘ። ለአንድ ሰው ሲካፈል ከ29 ዶላር ያንሳል። አንድ ባለጸጋ ቼክ ጽፎ የሰጠው ገንዘብ አይደለም፤ ብዙ ሰዎች ከዕለት ወጪያቸው ቀንሰው «የጀመራችሁትን ጨርሱልን» ያሉበት ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍም 12 ክፍሎቹ ተሟልተው ተጠናቀቀ። ከእነርሱ በፊትም በ2007 ዓ.ም. «ዘ ጊልድ» የተባለውን የኢንተርኔት ድራማ የጀመረችው ፌሊሺያ ዴይ፣ ከጥቂት ክፍሎች በኋላ ገንዘብ ሲያልቅባት ከተመልካቾቿ በተላከላት ስጦታ ሥራዋን መቀጠሏ የሚታወስ ነው።

ገንዘብ ከማጣት የከፋው ፈተና የመጣው ግን ገንዘብ በቀረበ ጊዜ ነው። ድራማው ስም ሲያገኝ የቴሌቪዥን ሰዎች ኢሳን ማነጋገር ጀመሩ። እርሷ ራሷ ከዚያ ወዲህ እንደ ተናገረችው፣ ከነዚህ ኃላፊዎች አንዱ ሐሳቡን ወደውታል፤ ዋናዋ ተዋናይት ግን መልኳ ፈካ ያለ፣ ጸጉሯም ረዥም የሆነ ሌላ ሴት እንድትሆን አሳሰቡ። ልብ ይበሉ፤ ድራማው የቆመው እንደዚያች ያለች ልጅ በስክሪን ላይ አትታይም በሚል ቅሬታ ላይ ነበር። ሲገዛ ሊወገድ የታሰበው ያ ነገር ሆነ። 1 ሺህ 960ው ሰዎችስ ያዋጡት ለማን ነበር? ኢሳ ሐሳቡን አልተቀበለችም። ሁለተኛው ምዕራፍ በ2012 ዓ.ም. በሙዚቀኛው በፋሬል ዊሊያምስ የዩቲዩብ ገጽ በኩል ቀረበ።

አከፋፋይ ፊቱን ሲያዞር ወደ ተመልካች መዞር ለእኛም አገር ሰው እንግዳ ታሪክ አይደለም። የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ፊልም የተማሩት በዚያችው በሎስ አንጀለስ ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን በ1976 ዓ.ም. የወጣ ፊልማቸውን አገራቸው ተመልሰው፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም ቀርጸውታል። በ1993 ዓ.ም. «ሳንኮፋ»ን ባቀረቡ ጊዜ የአሜሪካ አከፋፋዮች ስላልተቀበሏቸው፣ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ ራሳቸው አሳዩት፤ ጥቁር አሜሪካውያንም አዳራሾቹን ሞሉላቸው። ኢንተርኔት ያልነበረበት የዚያ ዘመን ድካም ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር እጅግ የከበደ ነበር።

የኢሳም መንገድ ከዚያ በኋላ ቀጥ ያለ አልሆነም። በ2012 ዓ.ም. ከታወቀችው ፕሮዲዩሰር ከሾንዳ ራይምስ ጋር ለአንድ ትልቅ ጣቢያ ያቀረበችው ሌላ ድራማ ሳይቀረጽ ቀረ። ሁሉንም ለማስደሰት ስትል የራሷን ድምፅ እንዳጣች በኋላ ተናግራለች። ቀጥሎ ኤችቢኦ ከተባለው ጣቢያ ጋር የተጀመረው ሥራ ዓመታት ፈጅቶ፣ ከላሪ ዊልሞር ጋር የፈጠረችው «ኢንሰኪዩር» በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. ለእይታ በቃ። ከመጀመሪያዋ የዩቲዩብ ክፍል እስከዚያች ቀን አምስት ዓመት ከመንፈቅ አልፎ ነበር። በአንድ በዓል ተጀምሮ በሚቀጥለው በዓል ይከብራል ብሎ የሚያስብ ወጣት ቢኖር፣ ይህን ቁጥር ቢያስታውስ አይከፋም።

የአገራችንን ጀማሪዎች ከሚጎዱት ነገሮች አንዱን እግረ መንገዴን ላንሣ። የታወቀ ዘፈን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከድራማው ሥር ማስገባት የተለመደ ነው። ዩቲዩብ ዘፈኑን በራሱ መሣሪያ ይለየዋል፤ ሥራው ሊታገድ ወይም ገቢው ለዘፈኑ ባለቤት ሊሄድ ይችላል። የሠፈር ክራር መቺ ወዳጅ ካለ ከዚያ ሁሉ ጣጣ ይገላግላል።

«ኢንሰኪዩር» በአምስት ምዕራፍ 44 ክፍሎች ተላልፎ በታኅሣሥ ወር 2021 ዓ.ም. አበቃ። ኢሳም በ2018 ዓ.ም. ለኤሚ ሽልማት በምርጥ ተዋናይትነት ታጭታ ነበር። በዚህ ድራማ ካሜራው ውድ፣ መብራቱ የተዋበ፣ ሠራተኛው ብዙ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ግን አሁንም በሰው ፊት የሚናገሩት የሚጠፋት ሴት ናት። ጭንቅ ሲይዛት ወደ መታጠቢያ ቤት ትገባና በሩን ዘግታ፣ ከመስተዋቱ ፊት ቆማ፣ በገዛ ራሷ ላይ ራፕ ትገጥማለች።